የአሥራ ሰባተኛው ሣጥን ግራና ቀኝ

ግንቦት 14 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ አባቴ መቀሱን ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ፤ መልሶም አላነሣውም። ትሪው ላይ የነበረው አንድ አንጎል ነው፤ ከነሙሉ ሕብለ ሰረሰሩ፣ ሳይቆረጥ የወጣ። ከሕብለ ሰረሰር በግራና በቀኝ የሚወጡት የነርቭ ሥሮች ሠላሳ አንድ ጥንድ ናቸው። አባቴ ከላይ ወደ ታች እየወረደ አሥራ ዘጠኙን ጥንድ ከሽፋናቸው ለይቶ አጽድቶ ነበር። ሃያኛው ጥንድ በግራ በኩል ጸድቷል፤ በቀኝ በኩል አልጸዳም። ዛሬም እንደዚያው ፎርማሊን ውስጥ ተቀምጧል። በአናቶሚ ክፍሉ መዝገብ ላይ «በሥራ ላይ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ እንዲሰረዝ የጠየቀ የለም።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ልክ ስድስት ሳምንት ኖረ። እነዚያ ስድስት ሳምንታት የሄዱበትን ነገር አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ከፊሉ ያለፈው በእኔ መስኮት በኩል ነው። እኔ አባቴ የሠራበት ሕክምና ኮሌጅ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ።

አባቴ ሐኪም አልነበረም፤ አናጢ ነበር። የአናቶሚ ክፍሉ ስድስት ጠረጴዛ ሊያስጠግን ለሦስት ቀን ጠርቶት ሠላሳ አራት ዓመት ቆየ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሠራተኛ የአስከሬን ጀርባ አጥንት በመሮ ለመክፈት ሲታገል ቆሞ አየው።

«በዚህ አያያዝ እንኳን አጥንት በርም አይከፈትልህ» አለው።

መሮውን ተቀብሎ የአከርካሪዎቹን ቅስት በሁለቱም በኩል መታ መታ አደረገና እንደ መሳቢያ ክዳን አነሣው። ከሥሩ እንደ ትንሽ ጣት የቀጠነ፣ ክንድ የማያህል ነጭ ገመድ ተጋድሟል። ከወገብ በላይ ያልቃል። ከዚያ በታች ያለው የነርቭ ክር ብቻ ነው፤ እንደ ፈረስ ጭራ ተበትኖ ይወርዳል።

«የቀረውስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ይኸው ነው። አጥንቱ ሲያድግ እሱ ወደኋላ ይቀራል።»

«አጥንቱን አስረዝመው ገመዱን አሳጠሩት ማለት ነው» አለ አባቴ። ይህን ታሪክ ሲያወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይስቅ ነበር። በሳምንቱ ተቀጠረ። የቅጥር ደብዳቤው እኔ ዘንድ አለ፤ የትምህርት ደረጃ በሚለው ቦታ «ስምንተኛ ክፍል» ይላል።

ተማሪዎች ያወጡለት ስም ጋሼ ክር ነው። ከራስ ቅል ውስጥ የወጣ አንጎል ሙቀት እንዳላላው ቅቤ ነው፤ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ፣ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ይመዝናል፤ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት በራሱ ክብደት ይዘረጠጣል። ሰው በሕይወት ሳለ የማይዘረጠጠው በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ነው። በሦስት ሽፋን ተጠቅልሏል፤ የውጩ እንደ ሸራ ወፍራም፣ የመካከሉ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ፣ የውስጡ ከአንጎሉ ጋር የተጣበቀ። በመካከለኛውና በውስጠኛው መካከል ንጹሕ ፈሳሽ አለ። አባቴ ያንን ውሃ በክር ይተካው ነበር። አንጎሉን ገልብጦ፣ ከሥሩ ባለው የደም ሥር በታች ክር አሳልፎ፣ ፎርማሊን በሞላው ባልዲ ውስጥ ያንጠለጥለዋል። በሦስት ሳምንት እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይደነድናል። ስለዚህ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ክር አለ። እናቴ ሸሚዙን ስታጥብ መጀመሪያ የምታወጣው ክር ነበር።

«የሌላው ሰው ባል አእምሮውን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ያንተው በባልዲ ተንጠልጥሎ ቢሮ ያድራል» ትለው ነበር።

የማስተማር ሥልጣን አልነበረውም፤ ግን ፕሮፌሰሮቹ ከወጡ በኋላ ተማሪዎች ከእሱ ዘንድ ይቀሩ ነበር። የሚላቸውን ብዙ ሰው በቃሉ ይዞታል። የአንጎልን ግንድ በአውራ ጣቱ ለክቶ ያሳያል፤ «ይቺን የምታህለው ናት የምትተነፍስላችሁ። እናንተ ስትተኙ እሷ አትተኛም፤ አክብሯት» ይላል። ከኋላ ያለውን ንኡስ አንጎል እያሳየ፣ «ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ የሚከትላችሁ ይሄ ነው። ሰው ሲሰክር ቀድሞ የሚሰክረው እሱ ስለሆነ ነው በሩን የምታጡት።» የአንጎልን የኋላ ጫፍ ይነካና፣ «ዓይን በር ነው፤ የሚታየው ግን እዚህ ከማጅራት በላይ ነው» ይላል። ሕብለ ሰረሰሩን በአግድም ቆርጦ በውስጡ ያለውን ግራጫ የቢራቢሮ ቅርጽ ያሳያቸዋል፤ ወሬ በኋላው ክንፍ ይገባል፣ ትእዛዝ በፊተኛው ክንፍ ይወጣል። እጃችሁ እሳት ሲነካ ወሬው አንጎል ሳይደርስ ትእዛዙ ከዚሁ ከገመዱ ይወጣል፤ «አለቃ ሳይሰማ ሥራ የሚያልቅበት መሥሪያ ቤት ይሄ ብቻ ነው።»

ስለ መሻገሪያውም ይናገራል። የአንጎል ግራው ግማሽ የሰውነትን ቀኝ ያዛል፤ ቀኙ ግማሽ ግራውን። አብዛኛው መንገድ ከግንዱ ግርጌ፣ ከሕብለ ሰረሰሩ በላይ ይሻገራል። «ለምን ተሻገረ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ» ይል ነበር፤ «እኔ ስቀጠር ተሻግሮ ነው ያገኘሁት።»

አንድ ሕግ ነበረው፤ ሌላው ሁሉ ቀልድ ቢሆን ይህ ቀልድ አልነበረም። የደነደነ አንጎል እንደ ዳቦ በቁራሽ ይቆረጣል። የዳቦ ቁራሽ ገልብጠው ቢያስቀምጡት ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ማን ያውቅበታል? ስለዚህ አባቴ እያንዳንዱ ቁራሽ ከመቁረጫው ጣውላ ከመነሣቱ በፊት በግራ ጠርዙ ላይ በጥቁር ክር አንዲት ቋጠሮ ያስር ነበር። በማሳያ ክፍሉ ውስጥ አርባ ሁለት የመስታወት ሣጥኖች አሉ፤ በውስጣቸው ያለው ቁራሽ ሁሉ ቋጠሮ አለው። ሐኪም ሆነው የወጡት ሁሉ ግራን ከቀኝ የለዩት በዚያች ቋጠሮ ነው።

ግንቦት 14 ቀን መቀሱን ያስቀመጠው ቀኝ እጁ አልታዘዝ ስላለው ነው። አብሮት የነበረው የክፍሉ ጸሐፊ «ጋሼ ምን ሆኑ?» ሲለው ሊመልስ ፈልጎ ሌላ ቃል ወጣ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሆስፒታል አደረሱት። የተቀበለችው ሐኪም የድሮ ተማሪው ነበረች። እኔ ስደርስ አልጋው አጠገብ ቆማለች።

«ጋሼ ክር፣ ምን አመጣዎት?»

አባቴ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ «ያስተማርኩሽን ... ልጠይቅሽ» አላት።

በአራተኛው ቀን ንግግሩ ተሻለው፤ እጁ ግን እንደዚያው ነበር። ሐኪሟ የአንጎሉን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አሳየችው። በፊልሙ ቀኝ በኩል ጥላ አለ።

«የደም ሥር ተዘግቶ ነው፤ ጉዳቱ ግራ ላይ ነው» አለችው።

«እኔ ቀኝ ላይ ነው የማየው።»

«ፊልሙን የምናነበው በሽተኛውን ከእግሩ ሥር ቆመን እንደምናየው ነው፤ ጋሼ። የእርስዎ ግራ በእኔ ቀኝ ይወድቃል።»

«ከራስጌ ብትቆሚስ?»

«ይገለበጣል።»

«ታዲያ ከእግሬ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«ምልክት አለው፤ ይኸው ጠርዙ ላይ። የሚያነሣው ባለሙያ ያደርገዋል።»

«መቼ?»

«ወዲያው ነዋ፤ ሲነሣ።»

አባቴ «ወዲያው» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሟ የደከመው መስሏት ወጣች። እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

ግንቦት 23 ቀን ቤት ገባ። ከዘራ ይዞ ይራመዳል፤ በግራ እጁ ይበላል፤ ቃላት አልፎ አልፎ ይለዋወጡበታል። ማንኪያ ሊል «ቁልፍ አቀብይኝ» ይላል፤ እናቴ፣ «በቁልፍ ሾርባ ልትጠጣ ነው?» ትለዋለች፤ ይስቃል። ያን ዕለት ምሳ ሲበላ ግን ሳይስቅ ነገረን።

የማሳያ ክፍሉ አሥራ ሰባተኛ ሣጥን ውስጥ ያለው ቁራሽ ስትሮክ የመታው ሰው አንጎል ነው። በአንድ ወገኑ ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል የቆየ ጉድጓድ አለ። አባቴ አንጎሉን የቆረጠው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የጊዜው ፕሮፌሰር ጉድጓድ ያለበትን ቁራሽ መርጠው ገንዳ ውስጥ ለብቻው አስቀመጡት፤ የቀሩት ቁራሾች የዚያኑ ዕለት ከአስከሬኑ ጋር ለቀብር ተመለሱ። በዚያው ሰዓት ከቤት መልእክት መጣ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከግንብ ላይ ወድቄ ክንዴ ተሰብሯል። አባቴ ጋውኑን ሳያወልቅ ሮጠ። ቋጠሮው አልታሰረም።

«በማግስቱ ስመጣ ገንዳው ውስጥ ተኝቷል። ከላይ ያገኘሁትን ፊት፣ የፊት ነው ብዬ ያዝኩና ግራ ነው ያልኩት ላይ ቋጠርኩ» አለ። «በግምት።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልታሰበህም?» አለችው እናቴ።

«ያን ጊዜስ አስቤው ነበር። ግን ግማሽ በግማሽ ልክ ልሆን እችላለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ መለያውን ጻፉበት። በፕሮፌሰር እጅ የተጻፈን አናጢ ምን ይለዋል?»

ሰኞ ዕለት የክፍሉን መዝገብ ገልጬ አየሁት። በአባቴ እጅ ጽሕፈት «ሣጥን 17፤ ተቆረጠ» ይልና በሚቀጥለው መስመር በሌላ ቀን «ቋጠሮ፦ በማግስቱ» ይላል። አልደበቀውም። ያነበበው ሰው ግን አልነበረም።

መለያው እንዲህ ይላል፦ «የስትሮክ ጠባሳ፤ ቀኝ ንፍቀ አንጎል። የግራ እጅና እግር ሽባነት። ንግግር ያልተነካ።» ፕሮፌሰሩ የሰውየውን ሕይወት የጻፉት ከቋጠሮው ተነሥተው ነው። ጉዳቱ ቀኝ ከሆነ የሚሰንፈው ግራ እጅ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ንግግር የሚኖረው በግራው ግማሽ ስለሆነ ንግግሩ ደኅና ነው ማለት ነው። ቋጠሮው ከተሳሳተ ግን ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ተሳስተዋል። እውነቱ ያለው በለጋሹ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም የተቆለፈው እኔ ዘንድ ነው።

«ፋይሉን እንካ ብለሽ አሳዪኝ» አለኝ አባቴ ማታ ቤት ስገባ።

«አልችልም፤ አባዬ።»

«ስሙን አልፈልግም። የትኛው እጁ እንደነበረ ብቻ።»

«የለጋሾች ፋይል የሚከፈተው በኮሚቴ ፈቃድ ነው። ማመልከቻ፣ ምክንያት፣ ቀን፣ ፊርማ።»

«ለአባትሽም?»

«ለማንም።»

እናቴን አያት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኛ ሁለቱንም ወልደን አሳደግን» አላት። እናቴ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ፋይሉን ግን አልከፈትኩም።

በመጀመሪያ የክፍሉን ኃላፊ ሊያናግር ሄደ። በከዘራው ሁለት ፎቅ ወጣ። ኃላፊው ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሣጥኑን አውርደው ቁራሹን በማጉያ መነጽር በሁለቱም ፊት መረመሩት።

«ጣት የሚያህል ውፍረት ላለው ቁራሽ የፊቱንና የኋላውን ገጽ መለየት ከባድ ነው» አሉት። «ከመቶ ስልሳ ቋጠሮው በተሳሳተው ጎን የታሰረ ይመስለኛል። ግን ጋሼ፣ የዚህ ሣጥን ፎቶግራፍ የተማሪዎች መማሪያ ውስጥ አለ፤ በየዓመቱ ፈተና ይወጣበታል። በስልሳ ከመቶ ይህን ሁሉ ላፍርስ?»

«ፋይሉ መቶ ከመቶ ያደርገዋል፤ ፕሮፌሰር።»

«እሺ፣ ተሳስተናል እንበል። ሃያ ሁለት ዓመት የተማረውን ተማሪ ምን እንለዋለን?»

«ተሳስተን ነበር በሉት።»

ኃላፊው ሣጥኑን ወደ መደርደሪያው መለሱት። «አሁን ያለዎትን ጤና ያስቡ። ጡረታዎ አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው የቀረው።»

«እኮ» አለ አባቴ፤ «ዶክተሯ ሁለተኛው ስትሮክ ከመጣ አያስጠነቅቅም ብላኛለች። ይሄ ሣጥን በስህተቱ ከእኔ በኋላ ከቆየ የሚያርመው ሰው አይኖርም። ቋጠሮውን በግምት ያሰረው እኔ መሆኔን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ።»

ኃላፊው ፋይሉ ካረጋገጠው እንደሚያርሙ ቃል ገቡለት።

ሰኔ 3 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ወደ እኔ፣ ወደ መዝገብ ቤቱ ሁለተኛ መስኮት መጣ። ማመልከቻውን በግራ እጁ ነው የጻፈው፤ ፊደሎቹ እንደ ሰከረ ሰው እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ግማሽ ገጽ ለመጻፍ ከጠዋት እስከ ምሳ እንደፈጀበት እናቴ ነግራኛለች። አነበብኩት። ምክንያቱ ተጽፏል፤ ፊርማ አለው።

«ቀን የለውም» አልኩት።

«ቀኑ ዛሬ ነው።»

«ይጻፍ።»

ብዕር አቀበልኩት። ከኋላው ሰልፍ አለ፤ ሁሉም ያየዋል። በግራ እጁ ብዕሩን ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ፣ «ቤት ጽፌ አመጣዋለሁ» አለ። እኔም «ደግ» አልኩት። ሌላ ባለጉዳይ ቢሆን ቀኑን እኔ ጽፌ ከጎኑ ልፈርምበት እችል ነበር፤ መመሪያው ይፈቅዳል። ለአባቴ አላደረግሁትም፤ ለአባቷ አደላች እንዳይባል።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ነው፤ አጀንዳ የሚዘጋው ማክሰኞ ነው። አባቴ ማመልከቻውን ከነቀኑ ይዞ የመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው። ለሰኔ 18 ተያዘ። አሥራ አራት ቀን ማለት ነው፤ ከአርባ ሁለቱ ሲሦው። ይህን የምጽፈው መጻፍ ስላለበት ነው።

በእነዚያ አሥራ አራት ቀናት አባቴ አልተቀየመኝም። በግራ እጁ መጻፍ ይለማመድ ነበር። «ያልተመታው ወገን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ እሱን ነው የማስተምረው» ይላል። እናቴ ትመለከተውና፣ «ተማሪው ሰነፍ ነው» ትለዋለች፤ እሱም፣ «አስተማሪውም ከስምንተኛ አላለፈም» ይላታል።

ሰኔ 18 ኮሚቴው ፈቀደ። በማግስቱ በክፍሉ ኃላፊ ቢሮ፣ አባቴና ኃላፊው ባሉበት ፋይሉን ከፍቼ ከስሙ በስተቀር አነበብኩት። ሟች ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ከመሞታቸው አራት ዓመት በፊት ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ሽባ ሆነ። ሚስታቸው የሰጡት ቃል ተያይዟል፤ በአውራ ጣት ተፈርሞበታል። እንዲህ ይላል፦ «ከዚያ ወዲህ አፉ ላይ የቀረው እሺ የሚል ቃል ብቻ ነው። ሲርበው እሺ፣ ሲቆጣም እሺ ነው። የምንለውን ግን ሁሉ ይሰማ ነበር። እኔም እሺው የቱ እንደሆነ አውቅ ነበር።»

ፋይሉን ዘጋሁ። ኃላፊው ማጉያ መነጽራቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«መቶ ከመቶ» አሉ።

አባቴ፣ «አራት ዓመት ቃል አጥቷል፤ እኛ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት 'ንግግር ያልተነካ' ብለን ለጥፈንበታል» አለ። ቃል አልጠፋበትም፤ በትክክል ነው የተናገረው።

ኃላፊው የማረሚያ ደብዳቤውን የዚያኑ ዕለት ጻፉ። በመማሪያው ላይ የሚለጠፍ ማስተካከያ እንዲታተም አዘዙ። መለያውንም በኮምፒዩተር እናትመው ሲሉ አባቴ እምቢ አለ። አርባ አንዱ በእጅ ተጽፎ አንዱ ብቻ ቢታተም ሰው የሚያየው ያንኑ ነው፤ የታረመ መሆኑን ደግሞ መዝገቡ ይናገራል፣ ሣጥኑ መለፍለፍ የለበትም አለ። መለያውን ሰባት ጊዜ ጻፈ። ስድስቱን እናቴ አልጣለቻቸውም። ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ «የስትሮክ ጠባሳ፤ ግራ ንፍቀ አንጎል። የቀኝ እጅና እግር ሽባነት። ከአንድ ቃል በስተቀር ንግግር የጠፋ። መስማትና መረዳት የነበረ።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የጨመረው እሱ ነው፤ ኃላፊው አንብበው አጸደቁት።

ሰኔ 25 ቀን፣ ረቡዕ፣ ሣጥኑ ተከፈተ። ቋጠሮው ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መዛወር አለበት፤ ባንድ እጅ ደግሞ ክር አይቋጠርም። ሐኪሟ በምሳ ሰዓቷ መጣች። ጓንት አድርጋ ቁራሹን ትሪው ላይ አጋደመች።

«እኔ እኮ በፈተና ይሄን ሣጥን ግራ ብዬ ነጥብ ተቀንሶብኛል» አለችው።

«በምን አወቅሽ ታዲያ?»

«አላወቅሁም፤ ገምቼ ነው።»

«እንግዲያው ነጥቡ አይመለስልሽም። እኔም ገምቼ ነው እዚህ የደረስኩት።»

የድሮውን ቋጠሮ በመቀስ ቆረጠች፤ አዲሱን አሰረች። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይሄ ይፈታል፤ ድገሚው» አላት። ደገመችው። «አሁን ጥሩ ነው» አለ። በግራ እጁ ነካ አድርጎ አረጋገጠው። ሣጥኑ ተዘጋ፤ አዲሱ መለያ ተለጠፈ፤ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። ተማሪዎች ለትምህርት እየገቡ ስለነበር ቆሞ ያየው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ሁለተኛው መጣ። ሐኪሟ ግንዱ ላይ ነው አለችን፤ ያቺ የምትተነፍስልን። ብዙም አልቆየም። እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያደረገው፣ ከቤት ወጥቶ የፈጸመው የመጨረሻው ጉዳይ ነው።

በመዝገብ ቤቱ ደንብ የተሻረ መለያ አይጣልም፤ ተሰርዞበት ከዋናው ፋይል ጋር ይያያዛል። የሚያስረክበው ክፍሉ ነው፤ የክፍሉ ጸሐፊ ላድርስልዎት ቢለው አባቴ ራሴ እወስደዋለሁ አለ። የድሮውን መለያ በፖስታ አድርጎ በከዘራው ሁለት ፎቅ ወረደ፤ ግቢውን አቋርጦ ሁለተኛው መስኮት መጣ። ሰልፉ ላይ አምስት ሰው ነበር። ከፊቱ የቆመው ሰው ሊያሳልፈው ዞር ቢል በእጁ፣ ቆይ፣ ቆይ አለው። ተራው ሲደርስ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የተሻረ መለያ፤ ሣጥን አሥራ ሰባት» አለ።

ከፖስታው አውጥቼ አየሁት። ጫፎቹ ቢጫ ሆነዋል፤ በመሐሉ በግራ እጅ የተሰመረ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር አለ፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ይነበባል፤ ልክ መሆን እንዳለበት። በመረከቢያው መዝገብ ላይ ጻፍኩ፤ ፈረመ። ደረሰኝ ቆረጥኩ፤ ማኅተም መታሁበት። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃያ ነው።

«ሌላ የቀረ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እንደማንኛውም ባለጉዳይ።

«የለም» አልኩት።

ደረሰኙን ወደ ዓይኑ አቅርቦ አነበበው፤ ባንድ እጁ ከደረቱ ላይ ተጭኖ አጠፈው፤ ከሸሚዙ ኪስ ከተተው። ከዚያ ከኋላው ለቆመችው ሴት ቦታ ለቀቀላት።